ቁልፉ ከወጣ በኋላም የሚሠራ የመኪና ሶኬት፦ ባትሪ ይበላ እንደሆነ ማወቂያና ማስተካከያ

መኪናዎን ቆልፈው ከሄዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው በመስታወቱ አሻግረው ሲያዩ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካው የስልክ ቻርጀር ሰማያዊ መብራት አሁንም በርቶ ከሆነ፣ ሶኬቱ ቁልፉ ቢወጣም ባይወጣም ከባትሪው ኤሌክትሪክ ያገኛል ማለት ነው። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሆን ብለው እንዲህ አድርገው ይሠሩታል። ችግሩ የሚጀምረው ባለመኪናው ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ፣ ሶኬቱ ላይ የሰካው ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ፣ ከባትሪው ሲቀዳ ሲያድር ነው።

እኔ ይህንን የተማርኩት ምንም ያላጠፋ ባትሪ ከለወጥኩ በኋላ ነው። አራት ኪሎ ከምኖርበት ግቢ በር ላይ የምታድረው አውቶማቲክ ቪትዜ በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ሳዞር ከኮፈኑ ሥር «ቸክ ቸክ ቸክ» ከማለት በቀር ምንም አልመለሰችልኝም። የግቢው ጥበቃ እጅጌውን ሰብስቦ «ጋሼ፣ ልግፋልዎት?» ብሎ ቀረበ፤ ነገር ግን አውቶማቲክ መኪና በመግፋት አይነሳም። ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ያለው ሰው ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቢያቆም፣ የቸርችልን ቁልቁለት ይዞ ወደ ለገሃር ሲንሸራተት ሞተሩ በራሱ ሊነሳለት ይችላል፤ የእኔዋ ግን ይህንን ዕድል አትሰጥም። በዚያው ቀን አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ አሮጌውንም ዋጋ እንዲቀንስልኝ ለሻጩ ሰጠሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እንደገና ሰኞ ማለዳ፣ ያው ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱም ጊዜ ሰኞ መሆኑን ልብ ብል ኖሮ ግማሹን መልስ ያኔውኑ ባገኘሁት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቆመች መኪና እስከ ሰኞ ማለዳ ድረስ 40 ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ማታ የጎደለውን በማግስቱ በመጠኑም ቢሆን ትተካለች። ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ቴስተሩን (ቮልትና አምፔር የሚለካውን መሣሪያ) አገናኝቶ ቁጥሩን አሳየኝ፤ 0.38 አምፔር ይላል። «ጋሼ፣ ባትሪው እኮ ምንም አላጠፋም፤ ሲበላው የሚያድር ነገር አለ» አለኝ። የሚበላው በሶኬቱ በኩል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው፣ የፊት መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት ካሜራ ነበር። ሶኬቱም ከፋብሪካ ሲወጣ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሆኖ ሳለ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ራዲዮ ባስገጠመ ጊዜ ሽቦው ተቆርጦ ከባትሪው ቀጥታ መስመር ጋር ተጠማዝዞ ተገኘ። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው «የዚህ ዓይነት መኪና ሶኬት እንዲህ ነው» የሚለውን ወሬ ሳያምን የራሱን መኪና መፈተሽ ይኖርበታል።

ሶኬቱ መቼ ይበራል፣ መቼስ ይጠፋል

በቁልፍ የሚነሳ መኪና የቁልፍ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ሎክ፣ ኤሲሲ (ACC፣ ሞተሩ ሳይነሳ ራዲዮን የመሰሉ ዕቃዎች የሚሠሩበት)፣ ኦንና ስታርት ይባላሉ። በከተማችን በብዛት የሚታዩት የጃፓን መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ሶኬታቸው የሚበራው ቁልፉ ኤሲሲ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቁልፉ ሲወጣ ሶኬቱም ይጠፋል። ሌሎች መኪኖች ደግሞ ሶኬቱን ከባትሪው ጋር በፊውዝ ብቻ አልፎ በቀጥታ ያገናኙታል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ የጎማ መንፊያ ወይም የእጅ መብራት መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ይህ ይመቸዋል። ሁለት ሶኬት ያላቸው መኪኖችም አሉ፤ የፊተኛው ከቁልፉ ጋር ሲጠፋ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ሁልጊዜ እንደበራ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ፈትሾ ስለ ሌላው መደምደም አይገባም።

በመካከል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ። ቁልፉ ከወጣ፣ ወይም በመጫን የሚነሳ መኪና ማስነሻው ተጭኖ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሶኬቱ ለጥቂት ደቂቃዎች በርቶ ቆይቶ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት ራሱን ያጠፋል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ መኪናውን አጥፍቶ ወዲያው የተመለከተ ሰው «ሁልጊዜ በርቷል» ብሎ ይደመድማል፣ እውነቱ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳዎችም እንደዚሁ በየራሳቸው ሊፈተሹ ይገባል።

ያለ ምንም መሣሪያ መፈተሽ

ትንሽ መብራት ያለው ማንኛውም የመኪና ቻርጀር ለዚህ ይበቃል። ቻርጀሩን ይሰኩት፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ ወርደው በሩን ይዝጉና ይቆልፉ። ከዚያ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ይስጡት፤ ማኪያቶዎን ጠጥተው ይመለሱ። ሲመለሱ በሩን አይክፈቱ፤ በመስታወቱ ብቻ ይመልከቱ። በር መክፈት ወይም ሪሞት መጫን የመኪናውን ኮምፒውተሮች ስለሚቀሰቅስ፣ ጠፍቶ የነበረው ሶኬት በዚያው ቅጽበት ሊበራና የተሳሳተ መልስ ሊሰጥዎ ይችላል። ቀን ከሆነ የቻርጀሩ መብራት በፀሐይ ላይታይ ስለሚችል ፈተናውን ማታ ወይም በጣሪያ ሥር ባለ ማቆሚያ ማድረጉ ይሻላል።

ቻርጀርዎ መብራት ከሌለው ቴስተር ያስፈልጋል። ቴስተሩን የዲሲ ቮልት መለኪያ ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ ከሶኬቱ መሐል ካለው ነጥብ፣ ጥቁሩን ከጎኑ ካለው ብረት ጋር ያነካኩ፤ 12 ቮልት ገደማ ካሳየ ሶኬቱ ሕያው ነው። መሐሉ ፖዘቲቭ፣ ግድግዳው ኔጌቲቭ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ብረት ማገናኘት የሶኬቱን ፊውዝ ያቃጥላል። ሁልጊዜ የሚበራ ሶኬት ያለው ሰው ክዳኑን እንዳያጣ የምመክረውም ለዚህ ነው፤ የወረቀት ክሊፕ ወይም የፀጉር ማስያዣ ሽቦ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ማንም መኪናው ውስጥ በሌለበት ሰዓት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሒሳቡ

ሶኬቱ ሁልጊዜ የሚበራ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ «ባትሪዬን ይጨርሰዋል ወይ?» የሚለው ነው። ባዶ ሶኬት፣ ምንም ያልተሰካበት፣ ምንም አይበላም፤ ክፍት የቧንቧ አፍ ሳይሆን የተዘጋ ቧንቧ ነው። የሚበላው የተሰካው ዕቃ ስለሆነ መልሱ ያለው በዕቃው፣ በባትሪው መጠንና መኪናው በሚቆምበት ሰዓት ላይ ነው። ሦስቱን ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ጋራዥ ሳይሄድ ራሱ ሊመልሰው ይችላል።

የባትሪ አቅም የሚለካው በአምፔር-ሰዓት ነው። እንደ ቪትዝ ላሉ ትንንሽ መኪኖች ባትሪው 35 አምፔር-ሰዓት አካባቢ፣ መካከለኛ ለሆኑት 45 ወይም 60፣ ለትልልቅ መኪኖችና ለናፍጣዎቹ 70 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። 45 ያለው ባትሪ ሙሉ ሆኖ አንድ አምፔር ቢቀዳበት 45 ሰዓት ያህል ይቆያል ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ሞተር ማስነሳት ማለት ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ እንዲስብ መፍቀድ ስለሆነ፣ አቅሙ ከግማሽ በታች የወረደ ባትሪ፣ በተለይ ያረጀ ከሆነ፣ በብርድ ማለዳ ሊያሳፍርዎ ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን ሲሠሩ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ግማሹን ብቻ የራስዎ አድርገው ይቁጠሩት።

ምንም ሳይሰካበት፣ መኪናው ራሱ ለሰዓቱ፣ ለማንቂያ ደወሉና ለሪሞቱ ተቀባይ ጥቂት ይበላል። ጤናማ መኪና በሙሉ ከተኛ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ከ0.05 አምፔር በታች ይስባል። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር ይጨምርበታል፤ መኪናው 30፣ ቻርጀሩ 20 ቢሆኑ በቀን የሚጠፋው 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው፣ ባለ 35 ባትሪም ግማሹን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በየቀኑ ለሚንቀሳቀስ መኪና ይህ ምንም አይደለም። «ቻርጀር ረስቼ አደርኩ፣ ባትሪዬ በዚያ ወረደ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ የምነግረው ይህንን ሒሳብ ይዤ ነው።

መብራት በጠፋ ምሽት ስልክ ይዞ ወደ መኪና መውረድ ለብዙዎቻችን የተለመደ ነው፤ ይህም ከሚፈራው ያነሰ ነው። 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ስልክ ባዶውን እስኪሞላ ድረስ ከመኪናው ባትሪ የሚወስደው 2 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። የስልኩ 5,000 ወደ 5 አምፔር-ሰዓት ሲቀየር የመኪናውን ባትሪ ሰባተኛ የሚወስድ ይመስላል፤ ነገር ግን የስልኩ ባትሪ 4 ቮልት እንኳ የማይሞላ፣ የመኪናው ደግሞ 12 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ አይነጻጸሩም። 20,000 የሚል ፓወርባንክ ከሆነ ግን 7 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ ከእርሱ ጋር የቤተሰቡ ሦስት ስልኮች ተራ በተራ ከተሰኩ፣ በባለ 35 ባትሪ ላይ የግማሹ ድርሻ ወደ ማለቁ ይቃረባል።

ላፕቶፕ በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ፣ መሙላት ከዚህ ይከብዳል። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 6 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ሦስት ሰዓት ቢሠሩበት 18 አምፔር-ሰዓት ሄደ። ኢንቨርተሩ ላፕቶፑ ከተነቀለ በኋላም ማብሪያው ካልተዘጋ ለራሱ መብላቱን አያቆምም። በሶኬት የሚሠራ የጉዞ ማቀዝቀዣ ሣጥን 4 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህንን ሰክቶ ማደር ማለት ጠዋት መኪናው እንደማይነሳ አስቀድሞ መወሰን ነው። የጎማ መንፊያው 10 አምፔርና ከዚያም በላይ ቢስብም የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሞተሩን አስነስተው ከተጠቀሙበት አያሳስብም።

እንግዲህ ካሜራው ነው የሚያታልለው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ብዙዎቹም መኪናው ቆሞ ሳለ እንዲቀርጹ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የእኔው ካሜራ ብቻውን 0.35 አምፔር ይወስድ ነበር፤ መኪናዋ ራሷ 0.03 ጨመረችበት። 0.38 በ40 ሰዓት ሲባዛ 15.2 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የባለ 35 ባትሪ ግማሽ 17.5 ነው። ቅዳሜ መኪናዋን ሳቆማት ባትሪው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ምናልባት በጭንቅ ትነሳ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር።

ሙሉ ያልነበረበት ምክንያት የአዲስ አበባ መሐል ከተማ የመንዳት ልማዳችን ነው። ዲናሞው ባትሪውን በደንብ የሚሞላው ሞተሩ በተገቢው ዙር ሲሠራ ነው፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ጊዜው የሚያልቀው በመቆም ነው። ማታ ሲሆን የፊት መብራቱ፣ በክረምት የዝናብ መጥረጊያውና የመስታወት ማሞቂያው ዲናሞው ካመነጨው ላይ አስቀድመው ይወስዳሉ። በዚያ ላይ የእርሳስ ባትሪ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው በዝግታ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን 20 በመቶ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ በየምሽቱ ሦስት አምፔር-ሰዓት የሚጎድልበት መኪና በየቀኑ ሁለቱን ብቻ እየመለሰ ሳምንቱን ይዘልቅና ጉድለቱ በአንድ ቀን ይታያል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ያ ቀን ብዙ ጊዜ በእነዚህ ወራት ማለዳ ላይ ይውላል።

በቴስተር መለካት

በሒሳብ የተገመተውን በመለኪያ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የባትሪውን ቮልት ይመልከት። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ከተነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ አንድ አራተኛ ገደማ እንደቀረው ይነግርዎታል። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ችግሩ የሶኬቱ ሳይሆን የዲናሞው ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይጠቅምዎትም።

የሚበላውን አምፔር ለመለካት ቴስተሩ በባትሪውና በመኪናው መካከል መግባት አለበት። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ይቀይሩና መለኪያውን ዲሲ አምፔር ላይ ያድርጉ። ኮፈኑን ይክፈቱ፤ የሾፌሩን በር ክፍት ትተው የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፍተው እንደተዘጋ ያድርጉት፣ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ሲጨርሱ ግን የበሩን እጀታ ስበው ምላሱን ሳይመልሱ በሩን አይግፉት፣ ይሰበራል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን ከተፈታው ገመድ ጋር ያገናኙ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አምፔሮች ቢነበቡ አይደንግጡ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች ስለነቁ ነው። ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ይረጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ፊውዝ የሌለው ርካሽ ቴስተር ከሆነም እጅዎ ላይ ሊቃጠል ይችላል።

የረጋው ቁጥር ከ0.05 በታች ከሆነ መኪናዎ ጤናማ ነው። ከዚያ ከበለጠ የሶኬቱን ፊውዝ ይንቀሉ። የፊውዝ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ሥር ወይም ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ሲሆን፣ ክዳኑ ላይ ሲአይጂ (CIG) ወይም ፓወር አውትሌት (POWER OUTLET) የሚል ጽሑፍ፣ አለበለዚያ የሲጋራ ምልክት ያገኛሉ፤ ፊውዙም በአብዛኛው የ15 ወይም የ20 አምፔር ነው። እርሱ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ወንጀለኛው ተገኝቷል። ካልወረደ ፊውዙን መልሰው ሌሎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ በጓዳ በር ተገጥሞ የተረሳ የጂፒኤስ መከታተያ፣ የማንቂያ ደወል ወይም ባለ አንድሮይድ ስክሪን ይገኛል። እነዚህን ገጣሚዎቹ ከየትኛው ሽቦ ላይ እንደሚጠልፏቸው ሲታይ ያስገርማል።

ማስተካከል

ከሁሉ የሚቀለው ነቅሎ መውረድ ነው። ልማድ ማድረግ ለሚችል ሰው ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ነቅዬ በአራተኛው የምረሳ ሰው ስለሆንኩ ይህንን መንገድ አልመረጥኩም።

ካሜራው መኪናው ቆሞ ሳለም እንዲቀርጽ የሚፈልግ ሰው፣ የባትሪው ቮልት ሲወርድ መስመሩን በራሱ የሚቆርጥ የካሜራ መገጣጠሚያ ገመድ መግዛት ይችላል። የመቁረጫው ቁጥር የሚስተካከል ከሆነ 12.2 ቮልት ላይ ያድርጉት። አንዳንዶቹ 11.8 ላይ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ካሜራው ዕረፍት በሚያገኝበት በዚያን ሰዓት ባትሪው መኪናውን ለማስነሳት የሚተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያልተስተካከለው መቁረጫ ያለመኖሩን ያህል ነው።

ሶኬቱን ራሱን ከቁልፉ ጋር እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። በአንዳንድ የአሜሪካ ፒክአፖች ላይ ፊውዙን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ጎኑ ማዛወር ብቻ ይበቃል፤ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ። በሌሎቹ ግን ከኤሲሲ ጋር ከሚጠፋ ፊውዝ፣ ለምሳሌ ከራዲዮው፣ በመጥለፊያ ፊውዝ አዲስ መስመር ይወሰዳል። ካሜራና ቻርጀርን ለመሳሰሉ ቀላል ዕቃዎች ይህ በቂ ነው። የጎማ መንፊያ ወይም ኢንቨርተር የሚሰካበት ከሆነ ግን የራዲዮው መስመር ይህንን ጭነት እንዲሸከም አልተሠራምና፣ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው በራሱ ፊውዝ መጥቶ በሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚነቃ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በኩል እንዲያልፍ፣ የኤሲሲው ሽቦ ሪሌውን ለማንቃት ብቻ እንዲያገለግል ይደረጋል። ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ባይቀጥን ይመረጣል፤ ከባትሪው የሚነሳው ፊውዝ ደግሞ ለባትሪው በጣም ቅርብ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም በፊውዙና በባትሪው መካከል ያለ የሽቦ ክፍል ቢላላጥ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ስለ ፊውዝ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም የመዳብ ክር ጠቅልሎ መመለስ፣ ወይም ለ15 በተሠራ ቦታ 30 ማስገባት «ለጊዜው ይሠራል» ተብሎ ሲደረግ አያለሁ። ፊውዙ ያልተቃጠለበት ሽቦ ራሱ ይቃጠላል፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ባለው ሶኬት ላይ ደግሞ ይህ የሚሆነው ሰው ተኝቶ፣ መኪናውም ተቆልፎ ሳለ ሊሆን ይችላል።

የእኔዋን መኪና ያ ወጣት ባለሙያ ያስተካከላት ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። የተጠማዘዘውን ሽቦ ፈትቶ፣ ጥቁር ፕላስተሩን ልጦ ጣለና ሶኬቱን ወደ ቀድሞው የኤሲሲ ሽቦ መለሰው። ቴስተሩ ላይ 0.03 አነበብን።

ባትሪው ወርዶ ከተገኘ

በሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሳት ቀዩን ገመድ መጀመሪያ ከወረደው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ፖዘቲቭ ያገናኙ፤ ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ፣ በመጨረሻም ከማይነሳው መኪና ሞተር ላይ ቀለም ካልተቀባ ብረት ጋር ያያይዙ። የመጨረሻው ጫፍ ከባትሪው ራቅ የሚለው ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው፤ ባትሪ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ያመነጫል። ደህናው መኪና ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የወረደው ከተነሳ በኋላ በመጣበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይፍቱ። መስቀል አደባባይ ሥር እንዳለው ባለ ከመሬት በታች ማቆሚያ የሚጠቀም ሰው የራሱን ገመድ ቢይዝ ይሻለዋል፤ እዚያ ቁልቁለትም ሆነ ገፊ አያገኝም።

ተነሳ ማለት ግን ሞላ ማለት አይደለም። በጣም የወረደ ባትሪ በከተማ ውስጥ መንዳት ብቻ ስለማይሞላ፣ ቤት ውስጥ ወይም ባትሪ ቤት በቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር የተሻለ ነው፤ የሚሰጠው አምፔር የባትሪውን አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ለባለ 45ቱ 4 ወይም 5 ይሁን፤ ቦታውም አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። የመኪና ባትሪ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው መውረድን አይወድም፤ በወረደበት ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ይጠጥሩና አቅሙ አይመለስም። የእኔ አሮጌ ባትሪ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የወረደ ነበር፤ ሞልቶ ቢፈተሽ ኖሮ ሳይሠራ አይቀርም ነበር። አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን አስሞልተው በጭነት፣ ማለትም ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ተደርጎ፣ ያስፈትሹት።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖችን የያዙ ሰዎች ይህ ጉዳይ እንደማይመለከታቸው ሲናገሩ እሰማለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥራቸው እየበዛ የመጣው እነዚህ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ሶኬቱ፣ በሮቹና ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ ትንሹ ከወረደ መኪናው አይበራም። አንዳንዶቹ ቆመው ሳሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሞላሉ፣ ሌሎቹ አይሞሉም፤ ሶኬቱን የመፈተሻው መንገድ ያው ነው። በቴስተር አምፔር መለካቱን ግን ለባለሙያ ይተዉት፤ የትልቁን ባትሪ ከፍተኛ ቮልት የሚሸከሙትን ብርቱካናማ ገመዶችም አይንኩ።

ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው መኪናውን ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያቆሙ ከሆነ በነዳጅ መኪና ላይ ሶኬቱን ባዶ ማድረጉ ብቻ አይበቃም፤ መኪናው ራሱ የሚበላው ይጠራቀማል። በ10 ቁጥር ቁልፍ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው ከባትሪው ራስ እንዳይነካካ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጎን ያድርጉት። ሰዓቱና የራዲዮው ጣቢያዎች ይጠፋሉ፤ ኮድ የሚጠይቅ ራዲዮ ካለዎት ኮዱን አስቀድመው ይያዙ። ማንቂያ ደወሉም አብሮ ስለሚጠፋ መኪናው በአጥር ውስጥ ቢቆም ይመረጣል። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ሪሞቱ በሩን ስለማይከፍት፣ ኮፈኑን ከመዝጋትዎ በፊት በእጅ የሚከፍተው የብረት ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ መሆኑን ዳሰስ ያድርጉ።